ሦስት ሉፕ፣ አንድ በር፣ 40 ሴንቲ ሜትር

ሦስት ሉፕ ቀበርኩ፤ ሉፕ ማለት መኪና ሲመጣ እንዲያውቅ መሬት ውስጥ የሚቀበር የሽቦ ጥምጥም ነው። ሁለቱ ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜን አላስነሱም። ሦስተኛው ግን የግቢውን በር ራሱን «መኪና ነው» እያለ ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን አዞረው። ያለው ኮንክሪት ውስጥ ስለሆነ አውጥቼ ላየው አልችልም። ያኔ የመዘገብኳቸው ቁጥሮች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬም ስገምት እኖር ነበር። ጉዳዩን ከነቁጥሩ ልንገራችሁ።

ቦታው ብዙ ቤተሰቦች በጋራ የሚኖሩበት ግቢ ነው። የመኪና መግቢያው 4 ሜትር ይሰፋል። አሮጌው ወለል ተነስቶ በአዲስ ሊተካ ነው። ከመንገዱ ጀምሮ ከበሩ 3 ሜትር ወደ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ፌሮ ያለው ኮንክሪት ይሞላል። ከዚያ ወደ ውስጥ የሲሚንቶ ንጣፍ ጡብ ይደረደራል። በሩ ወደ ጎን የሚንሸራተት፣ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ በር ነው። ሞተር ይገባለታል።

ነዋሪዎቹ የፈለጉት ሁለት ነገር ነው። መኪና ሲወጣ ማንም ሪሞት ሳይነካ በሩ እንዲከፈት። መኪና በሩ መስመር ላይ ቆሞ ሳለ ደግሞ በሩ እንዳይዘጋበት። ተወካያቸው አንድ ነገር አስረግጠው ነገሩኝ፦ «ወለሉ ካለቀ በኋላ መቁረጫ ይዞ የሚመጣ ሰው ማየት አልፈልግም።»

እውነታቸውን ነው። ያለቀ ወለል ላይ ሉፕ የሚገባው በመጋዝ ቀጭን ቦይ ተቆርጦ፣ ሽቦ ተጨምሮ፣ በማሸጊያ ተደፍኖ ነው። ይሠራል። ግን አዲስ ኮንክሪት ላይ ጠባሳ ነው፤ ማሸጊያው ሲያረጅም ውሃ የሚገባው በዚያው ነው። ወለሉ ገና ካልተሠራ ሉፑን ቀድሞ ከሥር ማስቀመጥ የተሻለ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ዕድሉ የሚገኘው አንዴ ነው።

ሉፑ የሚያየውና የማያየው

ብዙ ሰው ሉፕ የመኪናውን ክብደት የሚለካ ይመስለዋል። ማግኔት ነው የሚልም አለ። ሁለቱም አይደለም። ሉፕ ማለት መሬት ውስጥ በአራት ማዕዘን ቅርጽ ጥቂት ዙር የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ እርስ በርስ ተገምደው ሳጥን ውስጥ ወዳለው ዲቴክተር ይሄዳሉ። ዲቴክተሩ በአብዛኛው በሰከንድ ከ20 ሺህ እስከ 200 ሺህ ጊዜ ባለው ክልል ውስጥ የሚመላለስ ከረንት ይልክበታል። መኪና ከላይ ሲደርስ በመኪናው ብረት ውስጥ ሌላ ከረንት መሽከርከር ይጀምራል። ይኼኛው የሉፑን መስክ ይቃወማል። የሉፑ ኢንዳክታንስ (ጥምጥሙ የከረንትን መለዋወጥ የሚቃወምበት ልክ፣ በማይክሮ ሄንሪ የሚለካ) ይቀንሳል፣ ድግግሞሹ ከፍ ይላል። ዲቴክተሩ የሚያውቀው ይህችን ለውጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማግኔት የማይስበው አሉሚኒየምም ይታየዋል። ሰው ግን አይታየውም። ተወካያቸው «ልጆቹንስ?» ብለው ሲጠይቁኝ በግልጽ «አያያቸውም» አልኳቸው። ልጅን የሚጠብቀው በበሩ መስመር ላይ የሚተከለው የብርሃን ሴንሰርና በበሩ ጠርዝ ላይ የሚገባው፣ ሲነካ በሩን የሚያቆመው ጎማ ነው። ሉፕ አለ ተብሎ እነዚህ ከተቀነሱ ሥራውን አልወስድም። ተስማሙ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። ዲቴክተሩ ሲበራ በዙሪያው ያለውን ብረት ሁሉ ለምዶ እንደ መነሻ ይቆጥረዋል። የቆመ ብረት የሉፑን ጉልበት ይቀንሳል እንጂ አያታልለውም። የሚያታልለው የሚንቀሳቀስ ብረት ነው።

ዕቅዱ

ሦስት ሉፕ አሰብኩ። አንዱ ከበሩ ራቅ ብሎ በንጣፍ ጡቡ ስር፣ የሚወጣ መኪና አይቶ በሩን የሚያስከፍት። ሁለቱ በበሩ ግራና ቀኝ ሳይሆን በውስጥና በውጪ፣ ኮንክሪቱ ውስጥ፣ መኪና እያለ በሩ እንዳይዘጋ የሚከለክሉ። የኮንክሪቶቹ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር በ1 ሜትር፤ የመውጫው 3 በ1.5።

ለምን የመውጫው ሰፋ? ሉፕ ወደ ላይ የሚያየው ከፍታ በግምት የአጭሩ ጎን ሁለት ሦስተኛ ነው። 1 ሜትር ጎን ካለው ከሽቦው ወደ ላይ 65 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያያል። ጡቡ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው፣ ከስሩ 4 ሴንቲ ሜትር አሸዋ አለ፣ ሽቦው ደግሞ ከአሸዋው በታች ነው። ወለሉ ብቻ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበላበታል። ከፍ ያለ መኪና ሲመጣ የሚተርፈው ትንሽ ነው። 1.5 ሲሆን ግን 1 ሜትር ያህል ያያል፤ 14 ቢቀነስም አይጎዳም።

ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው፣ ሽፋኑ ውሃና ሙቀት የሚችል። ከዲቴክተሩ ሳጥን ተነስቶ፣ ሉፑን ዞሮ፣ ተመልሶ ሳጥኑ እስኪገባ አንድ ወጥ ነው። መሬት ውስጥ መገጣጠሚያ የሚባል ነገር የለም። መሬት ውስጥ ያለ መገጣጠሚያ ዛሬ ባይሆን ከሁለት ዝናብ በኋላ ውሃ ይጠጣል። መሄጃና መመለሻው በአንድ ሜትር ቢያንስ 20 ጊዜ መገመድ አለበት። በእጅ አይሆንም፤ ሁለቱን ጫፍ ድሪል ላይ አስሬ ነው የገመድኩት።

ፌሮውና ፎርማኑ

ኮንክሪቱ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው፣ ውስጡም የፌሮ መረብ። የፌሮ መረብ ለሉፕ ጥሩ ጎረቤት አይደለም። በመረቡ ውስጥም ከረንት ስለሚሽከረከር፣ ሉፑ ገና መኪና ሳያይ ግማሽ ጉልበቱን እዚያ ሊጨርስ ይችላል። ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት።

መጀመሪያ ለውጪው ያዘጋጀሁት ባለ 3 ዙር ነበር። ባዶ መሬት ላይ ዘርግቼ ስለካው ሉፑ ብቻውን 78 ማይክሮ ሄንሪ አለ። 5 ሴንቲ ሜትር ማራቂያ አድርጌ መረቡ ላይ ሳስቀምጠው 62 ሆነ። ከሉፑ እስከ ሳጥኑ ያለው 22 ሜትር ግማድ ራሱ ወደ 16 ማይክሮ ሄንሪ ይይዛል። እንግዲህ አስቡት፤ ዲቴክተሩ ከሚያየው 78 (62 እና 16) ውስጥ 16ቱ ምንም መኪና የማያይ ሽቦ ነው። አምስተኛው በከንቱ ማለት ነው።

ወደ 4 ዙር ቀየርኩት። ሉፑ መረቡ ላይ 104፣ ከግማዱ ጋር 120 ሆነ። አንዳንዶች ዙር በጨመሩ ቁጥር ሉፑ አጥርቶ የሚያይ ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። መኪናው የሚያመጣው ለውጥ በመቶኛ ሲታይ ያው ነው። የዙሩ ጥቅም የግማዱን ድርሻ ማሳነሱ ነው። ድርሻው ከአምስት አንድ ወደ ሰባት ወይም ስምንት አንድ ወረደልኝ። ከዚያ በላይ መጨመር ልፋት ነው።

ፎርማኑ በዕድሜ የገፉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። መረቡን ወደ ታች ዝቅ አድርጉልኝ ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ፌሮ ወደ ላይ ሲሆን ነው ስንጥቅ የሚይዘው» አሉ። ልክ ናቸው። እኔም ልክ ነኝ። መሐንዲሱ መጥቶ በሉፖቹ አካባቢ ብቻ መረቡ ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዲቀመጥ፣ ሌላው እንዳለ እንዲቀር ወሰነ። ሉፑ ከመረቡ በላይ 5፣ ከላዩ ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ኮንክሪት ኖረው። በፕላስቲክ ማሰሪያ ብቻ አሰርኩት። ማሰሪያ ሽቦ ቢሆን ኖሮ ሽፋኑን ሊቆርጠው ይችላል።

ሥራውን ያዳኑት ግን እኚሁ ፎርማን ናቸው። አስሬ ጨርሼ ስነሳ ቆመው ያዩ ነበር። «ልጄ፣ ነገ ሞልተን በማግስቱ መጋዝ ይመጣል። የት የት እንደሚቆርጥ ታውቃለህ?»

አላወቅኩም። መጠየቅም አልጠየቅኩም። ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል። በፈለገበት እንዳይሰነጠቅ በማግስቱ በመጋዝ መስመር ይቆረጥለታል፤ ጥልቀቱ የውፍረቱ ሩብ ገደማ ነው። ለ15 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። የኔ ሽቦ ደግሞ ያለው 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። በዕቅዳቸው አንዱ መስመር በውስጠኛው ሉፕ መሃል ያልፍ ነበር። መጋዙ ቢስተው እንኳ ኮንክሪቱ በዚያ መስመር ላይ እየተከፈተና እየተዘጋ ሽቦውን መጎተቱ አይቀርም።

«ጋሼ፣ መስመሩን ከሉፑ ውጪ ማዞር ይቻላል?»

«ይቻላል። ጠይቀኸን ቢሆን ኖሮ ድሮ ይቻል ነበር።»

ግማዶቹንም ከኮንክሪቱ በታች በፕላስቲክ ቱቦ አሳለፍኳቸው። መስመሩን የሚሻገሩት እዚያ ጥልቀት ላይ ነው፤ መጋዝ አይደርስባቸውም።

የሙሌቱ ቀን

ከሙሌቱ በፊት ለሦስቱም ሉፕ ሦስት ሦስት ልክ ወሰድኩ። የሽቦውን ሬዚስታንስ፣ ኢንዳክታንሱን፣ ሽፋኑ ከረንት ወደ መሬት የሚያፈስ መሆን አለመሆኑን። የውጪው ሉፕ 0.9 ኦም አለ። 76 ሜትር ሽቦ ስለሆነ በስሌትም የሚጠበቀው ይኸው ነው። ሽፋኑን በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን መፈተሻ መሣሪያ) ስለካው ከ200 ሜጋ ኦም በላይ። ሜገር ሲለካ ዲቴክተሩ ከሽቦው መነቀል አለበት፤ አለዚያ የዲቴክተሩን ካርድ ያቃጥለዋል። ሰውም ሽቦውን መንካት የለበትም።

ሙሌቱ ሲጀመር ሜገሩን አስቀምጬ የኢንዳክታንስ መለኪያውን ሳጥኑ ጋ አገናኝቼ ተቀመጥኩ። ሠራተኞቹ ሳቁብኝ። ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ሲሮጥ እኔ ቁጥር እያየሁ ነበር። አካፋ በሉፑ ላይ ባለፈ ቁጥር ንባቡ ይንቀጠቀጣል፤ ኮንክሪቱን አንቀጥቅጦ የሚያስተኛው የቫይብሬተሩ ብረት ሲጠጋም እንዲሁ። ያልፍና ወደ 120 ይመለሳል። አንድ ጊዜ ግን 114 ላይ ቀረ።

«አቁሙ!» አልኩ። ፎርማኑ እጃቸውን አነሱ። ትኩስ ኮንክሪት ስለሆነ ጊዜ አለ፣ ግን ብዙ አይደለም። በእጄ ዳሰስኩ። በመንገዱ በኩል ባለው ጥግ ማራቂያው ወድቆ ሽቦው መረቡ ላይ ተኝቷል። ቫይብሬተሩ ነው የገፋው። አንስተን ከስሩ የተሰበረ የኮንክሪት ቁራጭ አስገባን። 119። ይበቃኛል አልኩ።

ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መለኪያው ባይኖር ግን ማንም አያውቅም ነበር። ሉፑ ምናልባት ይሠራ ነበር፤ ሽፋኑ ፌሮው ላይ እየተፋቀ አንድ ቀን እስኪለቅ ድረስ። ከሦስት ቀን በኋላ ሽፋኑን ደግሜ ስለካ አሁንም ከ200 ሜጋ ኦም በላይ ነበር።

የንጣፍ ጡቡ ሉፕ ብዙ ወሬ የለውም። ጠጠሩ ከተጠቀጠቀ በኋላ ላዩ ላይ ጠባብ ቦይ አስቆፍሬ ሽቦውን በቴፕ ጠቅልዬ አስገባሁ፣ በደቃቅ አሸዋ አጥብቄ ሞላሁት። መጥበቁ ዋና ነገር ነው። ሰፊ ቱቦ ውስጥ የላላ ሽቦ መኪና ባለፈ ቁጥር ይነቃነቃል፤ ሽቦው በተነቃነቀ ቁጥርም ዲቴክተሩ መኪና ያየ ይመስለዋል። ጠቅጣቂ ማሽኑ በላዩ ሲያልፍ ለክቼ፣ ጡቡ ሲደረደር ለክቼ፣ ሁለቱም ጊዜ ያው ስለሆነ ዝም አልኩ።

በሩ ሲሰቀል

በሩ የተሰቀለው ዘግየት ብሎ ነው። ሞተሩ ገባ፣ ዲቴክተሮቹ ሥራ ጀመሩ፣ የመጀመሪያው መኪና ወጣ። ሁሉም አጨበጨበ። በሩ መዘጋት ጀመረ። ሊዘጋ 1 ሜትር ሲቀረው ቆመና ተመልሶ ተከፈተ። እንደገና ሊዘጋ ሄደ፣ እንደገና ተመለሰ። ማንም የለም። መኪናም የለም።

መጀመሪያ የብርሃን ሴንሰሩን ጠረጠርኩ። ጠራረግኩት። ቀጥሎ ሞተሩ መሰናክል የገጠመው መስሎት ይሆን ብዬ የግፊት ልኩን ነካካሁ። ግማሽ ቀን ጠፋ። ማድረግ የነበረብኝ ሉፖቹን አንድ በአንድ መንቀል ነበር። የውጪውን ስነቅል በሩ ሰተት ብሎ ተዘጋ።

ሜትር አውጥቼ ከበሩ እስከ ውጪው ሉፕ ለካሁ። 60 ሴንቲ ሜትር። እኔ ያስቀመጥኩት 1 ሜትር ርቀት ነው! ከሚንቀሳቀስ የብረት በር ቢያንስ ይህን ያህል መራቅ እንዳለበት ተለማማጅም ያውቀዋል። ፎቶዎቼን አየሁ፣ ፕላኑን አየሁ። ሉፑ ቦታው ላይ ነው። ቦታውን የለቀቀው በሩ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። በፕላኑ ላይ የነበረው የበር መስመር የውሃ መውረጃ ቦይ ስለተጨመረበት 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጪ ተገፍቷል። ፎርማኑ ያውቃሉ፣ በር ሠሪው ያውቃል። ለኔ የሚነግርበት ምክንያት ያለው ሰው አልነበረም። ለነገሩ በሙሌቱ ቀን ለቦዩ የተተወውን ክፍተት በዓይኔ አይቼዋለሁ። የበሩ ሐዲድ መግቢያ ነው ብዬ አለፍኩት። እኔ የለካሁት ከወረቀት ላይ ካለ በር ነው።

አሁን ሉፑ ኮንክሪት ውስጥ ነው። በሩም ተሰቅሏል። መቁረጫ ማምጣት ደግሞ ቃል ገብቼ የተውኩት ነገር ነው።

የቀረኝ ዲቴክተሩ ነው። ለውጡን በመቶኛ የሚያሳይ ነበርና ቁጭ ብዬ መዘገብኩ። በሩ ሲዘጋ የሚያመጣው ለውጥ 0.04 በመቶ። ትንሽ የቤት መኪና ከ2 በመቶ በላይ። ፌሮው ጉልበቱን ስለሚበላ ብዬ ዲቴክተሩን ያስተካከልኩት 0.02 በመቶ ለውጥ ሲያይ እንዲነሳ ነበር። በሩን ማየቱ አያስገርምም። ወደ 0.1 ባደርገው በሩን ይረሳዋል፣ የቤት መኪናውን አይስተውም። ቀላል ነው፤ ተለቀቅኩ አልኩ።

ከፍ ያለ የዕቃ መኪና አስመጥቼ ባልፈትነው ኖሮ እዚያ ላይ አቆም ነበር። ፊቱ ሲገባ 0.3 አነበበ። ደስ አለኝ። መካከሉ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ያለው ባዶ ክፍል ሲመጣ ግን ወደ 0.06 ወረደ። ዲቴክተሩ «መኪናው ሄዷል» አለ። መኪናው በሩ መስመር ላይ ቆሟል። በሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። እጄ ማቆሚያው ላይ ነበር፤ የብርሃን ሴንሰሩም ቀድሞኝ አስቆመው። ላቤ ግን መጣ።

ያዳነን በካርዱ ላይ ያለች ትንሽ ማብሪያ ናት። እሷ ስትበራ ዲቴክተሩ መጀመሪያ ለማየት 0.1 ይጠብቃል፤ አንዴ መኪና ካየ በኋላ ግን መኪናው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ አጥብቆ ያያል። የዕቃ መኪናው ፊቱ ያስነሳዋል፣ መካከሉ 0.06 ቢሆንም አይለቀውም። ሲሄድ ወደ 0.1 ይመለሳል፤ በሩም ሲዘጋ አይታየውም። ይህ ሥራ የሠራው በሩ የሚዘጋው መኪና በሉፑ ላይ በሌለበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ የሚመጡበት በር ቢሆን አይሆንም ነበር።

የዕቃ መኪናውን አሥር ጊዜ አመላለስኩት። ሹፌሩ በመጨረሻ ምሳው እንደቀዘቀዘ ነገረኝ።

ያጣነው ነገር አለ፤ ለነዋሪዎቹም በጽሑፍ ሰጥቻቸዋለሁ። የውጪው ሉፕ በ0.1 ሞተር ሳይክልን ሊስት ይችላል፤ በተለይ ጎማው በሽቦው መስመር ላይ ካላለፈ። ለሞተር ሳይክል የሚቆመው የብርሃን ሴንሰሩ ነው። መስታወቱን በየጊዜው ይጥረጉት። ሌላው፣ የውስጡና የውጪው ሉፕ ጎረቤት ስለሆኑ እንዳይረባበሹ ዲቴክተሮቻቸው በተለያየ ድግግሞሽ ነው የተስተካከሉት። አንዱ ካርድ ቢቃጠልና አዲስ ቢገባ ይህን ማስተካከል ይረሳል። ስለዚህ የሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ የሦስቱም ሉፕ ልክ፣ የዙር ብዛት፣ የቀኑ ፎቶ፣ ከግድግዳው ያላቸው ርቀት፣ የማብሪያዎቹ አቀማመጥ።

ከዝናቡ ወራት በኋላ ሄጄ ስለካው የውጪው 119 ነበር። ሽፋኑም ደህና ነው። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ፎርማኑ በቅርቡ ከሌላ ሥራ ላይ ደወሉልኝ። እዚያም ሉፕ ይቀበራል። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ «ልጄ» አሉኝ፣ «በሩን 30 ሴንቲ ሜትር ልገፋው ነው። ከመሙላቴ በፊት ልንገርህ ብዬ ነው።»